ሙቀቱን ለባሕር የማያስረክበው ዓሣ፦ ስለ ብሉፊን ቱና የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች በርከት ያሉት ስለ አንድ ዓሣ የሚጠይቁ ሆነው ስለተገኙ ዓምዱን ሙሉ በሙሉ ለእርሱ ሰጥተነዋል። ዓሣው የአትላንቲክ ውቅያኖሱ ብሉፊን ቱና ነው። ጠያቂዎቹ ከተለያየ አገር የጻፉና የተለያየ ነገር ለማወቅ የፈለጉ ናቸው። ይሁንና ስለ አጠማመዱ፣ ስለ ሥጋውና ስለ አኗኗሩ የሚነሣው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ ከሰውነቱ ሙቀት ጋር የሚገናኝ ስለሆነ የመምህሩን ደብዳቤ አስቀድመናል።

ጥያቄ፦ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ዓሦች የሰውነታቸው ሙቀት ከአካባቢያቸው ጋር የሚለዋወጥ፣ በተለምዶ አነጋገር «ቀዝቃዛ ደም» ያላቸው እንስሳት መሆናቸውን ሳስተምር አንድ ተማሪ ተነሥቶ «ቱና ግን ሞቃት ደም አለው» አለኝ። እውነት ነው? ከሆነስ ውኃ ውስጥ እየኖረ ሙቀቱን እንዴት ሊጠብቅ ቻለ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እርስዎም ተማሪዎም አልተሳሳታችሁም። ከ30,000 በላይ ከሚሆኑት የዓሣ ዝርያዎች እጅግ የሚበዙት ሰውነታቸው የሚኖሩበትን ውኃ ያህል ብቻ ይሞቃል፤ ስለዚህ የሚያስተምሩት ደንብ በደንብነቱ ትክክል ነው። ከደንቡ የሚወጡት ጥቂቶች ሲሆኑ፣ ብሉፊንና የቅርብ ዘመዶቹ፣ እንዲሁም እንደ ነጭ ሻርክና ማኮ ያሉ አንዳንድ ሻርኮች ከእነዚህ ጥቂቶች መካከል ናቸው።

ሙቀት ማመንጨት ለዓሣ ከባድ ነገር አይደለም፤ የሚሠራ ጡንቻ ሁሉ ሙቀት ያመነጫል። ከባዱ የመነጨውን ሙቀት ይዞ ማቆየት ነው። ዓሣ ኦክስጅን የሚያገኘው ደሙን በስንጥቡ በኩል፣ ከውኃው እጅግ ስስ በሆነ ሽፋን ብቻ ተለይቶ እንዲያልፍ በማድረግ ነው። ያንን ሽፋን ሙቀት ከኦክስጅን ይልቅ ፈጥኖ ስለሚሻገረው፣ በጡንቻ ውስጥ የሞቀው ደም ስንጥብ ላይ ሲደርስ ሙቀቱን በአንድ ዙር ለባሕሩ አስረክቦ ይመለሳል። ብሉፊን ከዚህ ኪሳራ የሚድነው ሙቀቱን መንገድ ላይ በማስቀረት ነው። ከጡንቻው ሙቅ ደም ይዘው የሚወጡት ጥቃቅን ደም መልሶችና ከስንጥቡ ቀዝቃዛ ደም ይዘው የሚገቡት ጥቃቅን ደም ቅዳዎች እጅግ ብዙ ሆነው ጎን ለጎን ተጠጋግተው የተሰደሩ ሲሆን፣ ደሙ በሁለቱ ውስጥ በተቃራኒ አቅጣጫ ይፈስሳል። የሚወጣው ደም ሙቀቱን ለሚገባው እያቀበለ ስለሚሄድ ወደ ስንጥቡ የሚደርሰው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ሙቀቱ ግን ከሚገባው ደም ጋር ተመልሶ ጡንቻው ውስጥ ይቀራል።

የጡንቻው አቀማመጥም ለዚሁ የተመቸ ነው። ዓሣ ሳይደክም ረጅም ርቀት የሚዋኝበት ቀይ ጡንቻ በአብዛኞቹ ዝርያዎች ከቆዳ ሥር የሚገኝ ሲሆን፣ በብሉፊን ግን ወደ ውስጥ ጠልቆ ወደ አከርካሪው ስለሚጠጋ ዙሪያውን የከበበው ነጭ ጡንቻ ከቅዝቃዜው ይከልለዋል። ፍራንክ ኬሪና ጆን ቲል የተባሉት የዉድስ ሆል የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በዚህ ዓሣ ላይ የሙቀት ልኬት ከጀመሩ ወዲህ በተከታታይ በተደረጉ ጥናቶች፣ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የሚዋኝ ትልቅ ብሉፊን ጡንቻው ከውኃው በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሊበልጥ እንደሚችል ታውቋል። ዓይኑ፣ አንጎሉና ምግብ የሚፈጭባቸው የውስጥ አካላቱም ከውኃው ይልቅ ይሞቃሉ። የሞቀ ጡንቻ በኃይል ይኮማተራል፣ የሞቀ ዓይን ፈጣን እንቅስቃሴን ለይቶ ያያል፣ የሞቀ ሆድ የዋጠውን ቶሎ ፈጭቶ ለሚቀጥለው መብል ይዘጋጃል።

ለክፍል ውይይት የሚጠቅመው ግን ልቡ ይመስለናል። ልቡ የሚጠቀምበት ደም ከስንጥቡ ቀዝቅዞ የመጣ በመሆኑ፣ ያ ሁሉ ሙቅ ጡንቻ ደም የሚያገኘው የባሕሩን ያህል በቀዘቀዘ ልብ አማካይነት ነው። ዓሣው ከ1,000 ሜትር በላይ ጠልቆ ሊወርድ ይችላል፤ ነገር ግን ልቡ በቅዝቃዜው እየዘገየ ስለሚሄድ እየተመላለሰ ወደ ላይኛው ውኃ መውጣት ይኖርበታል። ያም ሆኖ የብሉፊን ልብ የሐሩር ባሕር ቱናዎችን በሚያዳክም ቅዝቃዜ ውስጥ መምታቱን ይቀጥላል፤ እስከ ኖርዌይና እስከ ኒውፋውንድላንድ ዘልቆ የሚመገበውም ስለዚህ ነው። ለተማሪዎ «ከፊል ሙቀት ጠባቂ» ቢሉት ሁለታችሁንም የሚያስታርቅ መልስ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ጫሞ ሐይቅ ላይ ነጭ ዓሣ የማጠምድ ሰው ነኝ። በመረብ ሲወጣ ጎረምሳ የሚያክል ዓሣ በዓይኔ አይቻለሁ። የባሕሩ ቱና ከዚህ ምን ያህል ይበልጣል? ዕድሜውስ ስንት ነው? (ከአርባ ምንጭ)

መልስ፦ ነጭ ዓሣ በጣም ካደገ ወደ 200 ኪሎ ግራም ሊጠጋ የሚችል ግዙፍ ዓሣ ነውና የሚያጠምዱትን አይናቁት። በዘንግና በመንጠቆ የተያዘው ትልቁ ብሉፊን ግን 679 ኪሎ ግራም መዝኗል። የያዘው ኬን ፍሬዘር የተባለ አጥማጅ ሲሆን፣ ቦታው በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ አውልድስ ኮቭ፣ ቀኑም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 26 ቀን 1979 ነበር። ይህ ክብረ ወሰን እስከ ዛሬ አልተሰበረም።

እንዲህ ያለው ፍጥረት የሚነሣው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ካላት እንቁላል ነው። እንቁላሏ በሁለት ቀን አካባቢ ትፈለፈላለች፤ የምትወጣው እጭም ከሦስት ሚሊ ሜትር ብዙ አትበልጥም። አዋቂው ዓሣ ቀዝቃዛ ባሕር የሚደፍር ቢሆንም እንቁላሉን የሚጥለው ግን ወደ 24 ዲግሪና ከዚያ በላይ በሞቀ ውኃ ነው። ከጥንት የሚታወቁት የመራቢያ ቦታዎቹ ሁለት ሲሆኑ፣ አንደኛው የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ ሁለተኛው የሜዲትራኒያን ባሕር፣ በተለይም በባሌሪክ ደሴቶችና በማልታ ዙሪያ ያለው ውኃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ፊት ለፊት፣ ገልፍ ስትሪም በተባለው ሞቃት የባሕር ጅረትና በአህጉሩ ዳርቻ መካከል ባለው ውኃ ውስጥ እጮቹን ማግኘታቸውን ስላሳወቁ፣ ሦስተኛ የመራቢያ ቦታ አለ የሚለው አሳብ እየጠነከረ መጥቷል። አንዲት ትልቅ እንስት በአንድ ወቅት ብዙ ሚሊዮን እንቁላሎች ትጥላለች፤ ከእነዚህ ለአዋቂነት የሚበቁት ከቁጥር አይገቡም።

ዕድሜው የሚነበበው በጆሮው ውስጥ ባለች ትንሽ ድንጋይ ላይ በየዓመቱ ከሚጨመረው ንብር ሲሆን፣ ከ30 ዓመት በላይ የኖሩ ተገኝተዋል። ይህቺው ድንጋይ ሌላም ነገር ትናገራለች፤ በመካከሏ ያለው የኦክስጅን ዓይነት ዓሣው ሕፃን ሳለ የነበረበትን ውኃ ስለሚያሳይ፣ በአሜሪካ ጠረፍ የተያዘ ብሉፊን በሜዲትራኒያን የተወለደ መሆን አለመሆኑን መለየት ይቻላል። በእርግጥም ብዙዎቹ እዚያ ተወልደው ውቅያኖሱን ያቋረጡ ሆነው ተገኝተዋል።

ስለ ቅርጹ አንድ ነገር እንጨምርና እንለፍ። የመጀመሪያው የጀርባ ክንፉ ወደ ስንጥቅ ውስጥ ይታጠፋል፣ የጎን ክንፎቹ በገላው ላይ ባሉ ጎድጓዶች ይለጠፋሉ፣ ጅራቱ የጨረቃ ቅርጽ ያለውና ጠንካራ ነው። ቆሞ መተንፈስ ስለማይችል አፉን ከፍቶ ከልደት እስከ ሞት ይዋኛል። በየቦታው ስለ ፍጥነቱ የሚጠቀሱትን ቁጥሮች ግን በጥርጣሬ ቢያዩአቸው ይሻላል፤ ብዙዎቹ ከልኬት ይልቅ ከአድናቆት የመጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከሱቅ የምንገዛው የቆርቆሮ ቱና ይኸው ዓሣ ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይደለም። በቆርቆሮ የሚታሸገው በአብዛኛው ስኪፕጃክ የተባለው ትንሽ ቱና ሲሆን፣ ቢጫ ክንፉ የሎውፊንና አልባኮር የተባለውም ይታሸጋሉ። ስኪፕጃክ ኪሎው ትንሽ፣ ዕድሜው አጭር፣ መራባቱ ፈጣን ስለሆነ ብዙ ቢጠመድም ይተካል። ብሉፊን በስብ የተሞላ ሥጋው በጥሬው ስለሚፈለግ በተለይ ወደ ጃፓን ገበያ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 በቶኪዮው የቶዮሱ ገበያ የአትላንቲኩ ዘመድ የሆነ 278 ኪሎ ግራም የሚመዝን የፓሲፊክ ብሉፊን በ333.6 ሚሊዮን የን ተሽጧል። ይህ በአዲስ ዓመት የመጀመሪያ ጨረታ ላይ ለዝና ተብሎ የተከፈለ ዋጋ እንጂ የዘወትር የገበያ ዋጋ ስላልሆነ፣ ሰምቶ ጀልባ ለመግዛት የሚነሣ ሰው ቢኖር ተመልሶ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ የሥራ ባልደረቦቼ በየበጋው ከኦሽን ሲቲ በጀልባ እየወጡ ቱና ያጠምዳሉ፤ ዘንድሮ አብሬ እንድሄድ ጋብዘውኛል። ዓሣ አጥምጄ የማውቀው ልጅ ሆኜ ከወንዝ ነው። ምን ዓይነት ፈቃድ ያስፈልገኛል? ከያዘ በኋላ እንዴት ነው የምታገለው? ከያዝኩስ መሸጥ እችላለሁ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ከመሸጡ እንጀምር፦ አይችሉም። በአሜሪካ በመዝናኛ ፈቃድ የተያዘ ብሉፊን ለቤት ማዕድ ብቻ ነው፤ ለመሸጥ ሌላ ዓይነት የንግድ ፈቃድ ያስፈልጋል። የቱና ፈቃድ የሚሰጠው የፌዴራሉ የባሕር ዓሣ ሀብት አገልግሎት ሲሆን፣ ፈቃዱ የሚወጣው በሰው ሳይሆን በጀልባው ስም ነው። ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት ባለ ጀልባውን ፈቃዱን እንዲያሳይዎ ይጠይቁት፤ ጨዋ ባለ ጀልባ በዚህ አይቀየምም። የዓሣው ርዝመት ከላይኛው መንጋጋ ጫፍ እስከ ጅራቱ መንታ ድረስ የገላውን ጉብታ ተከትሎ በኢንች ይለካል። ከ27 ኢንች በታች የሆነ አይያዝም፤ 73 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነውን ደግሞ አንድ የመዝናኛ ጀልባ፣ ወቅቱ ክፍት ከሆነ፣ በዓመት አንድ ብቻ እንዲያስቀር ይፈቀድለታል። በመካከል ላሉት መጠኖች የሚፈቀደው ቁጥር በዓመቱ ውስጥም ስለሚለዋወጥ በጉዞው ዋዜማ ማረጋገጥ ግድ ነው። የተያዘው ዓሣ በ24 ሰዓት ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ በሜሪላንድ ይህ የሚፈጸመው ወደብ ላይ በሚሞላ ካርድ ነው።

መሣሪያውን ባለ ጀልባው ስለሚያዘጋጅ ብዙ አይጨነቁ፤ ሆኖም ምን እንደያዙ ማወቅ አለብዎ። የዓሣው ዓይን ጥሩ ስለሆነ ወደ መንጠቆው የሚጠጋው የክሩ ጫፍ በውኃ ውስጥ በግልጽ ከማይታይ ፍሎሮካርበን ይሠራል። ክሩ የሚጠቀለልበት ማጠንጠኛ ፍሬን አለው፤ ፍሬኑ ዓሣው መንጠቆውን ሲጎርስ የክሩን የመበጠስ አቅም ሩብ እስከ ሲሶ ያህል ብቻ እንዲይዝ ተደርጎ ይስተካከላል። ከዚህ በላይ ከጠበቀ ክሩ በመጀመሪያው ሩጫ ይበጠሳል፤ በጣም ከላላ ደግሞ ዓሣው ሳይደክም ክሩን አራግፎ ይጨርሰዋል። ትልልቅ ብሉፊኖች ሲጠመዱ አጥማጁ ማጠንጠኛው የሚያያዝበት መታጠቂያ በወገቡና በጀርባው ይታጠቃል፣ ወይም ለዚሁ በተሠራ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

ትግሉ መልክ አለው። መጀመሪያ ዓሣው በአንድ ትንፋሽ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ክር ይዞ ይሮጣል፤ በዚህ ጊዜ ማጠንጠኛውን ለመጠቅለል መሞከር ከንቱ ድካም ነው፣ ዘንጉን ቀና አድርጎ መያዝ ብቻ ይበቃል። ከዚያ ወደ ጥልቁ ወርዶ ሰፊ ክብ እየሠራ መዞር ሲጀምር የእርስዎ ተራ ይደርሳል፦ ዘንጉን በእግርና በወገብ ኃይል ከፍ ያደርጉና ዝቅ ሲያደርጉት የላላውን ክር ይጠቀልላሉ። በክንድ የሚታገል ሰው ሩብ ሰዓት አይቆይም። ዋናው ነገር ዓሣውን አለማሳረፍ ነው። ቱና በሩጫ ጡንቻው ውስጥ የተጠራቀመውን አሲድ ከአብዛኞቹ ዓሦች ፈጥኖ የማጥራት ችሎታ ስላለው፣ እርስዎ ውኃ እየጠጡ ባረፉባቸው ደቂቃዎች ይበልጥ የሚጠቀመው እርሱ ነው። በዓለም አቀፉ የስፖርት ዓሣ አጥማጆች ማኅበር ደንብ መሠረት ሌላ ሰው ዘንግዎን ወይም ማጠንጠኛዎን ከነካ ዓሣው ለክብረ ወሰን አይመዘገብም። እርስዎ ለክብረ ወሰን ስላልሄዱ ከደከሙ ዘንጉን ለባልደረባ ማቀበል ነውር የለውም።

በቀጭን ክር ትልቅ ዓሣ ለሰዓታት መታገልን እንደ ጀግንነት የሚቆጥሩ አጥማጆች አሉ፤ በእኛ አስተያየት ይህ ዓሣውንም ሥጋውንም መበደል ነው። ሙቀቱን ይዞ የሚያስቀረው ያ የደም ሥር አሠራር በትግል ጊዜ የሚመነጨውንም ሙቀት ያስቀረዋል። ትግሉ በረዘመ መጠን ጡንቻው እየጋለና አሲድ እየተጠራቀመበት ሄዶ፣ ሥጋው ቀይነቱን አጥቶ የተቀቀለ ይመስላል፤ የጃፓን ገዢዎች እንዲህ ያለውን ሥጋ «የተቃጠለ» ብለው ዋጋውን ይጥሉታል። የሚለቀቅ ከሆነም የመትረፍ ዕድሉ ይቀንሳል። ስለዚህ ጠንካራ መሣሪያና አጭር ትግል ለሁሉም ይሻላል።

የሚለቁት ከሆነ ከውኃ አያውጡት። መንጠቆው ክብ ቅርጽ ያለው ከሆነ በአብዛኛው የሚይዘው የአፉን ማዕዘን ነው፤ መንቀል ካልተቻለ ክሩን ከአፉ አጠገብ መቁረጥ ነው። ጀልባው በዝግታ ወደ ፊት እየሄደ ውኃ በአፉ ገብቶ በስንጥቡ እንዲያልፍ ይደረጋል፣ ብርታት አግኝቶ ጅራቱን መምታት ሲጀምር ይለቀቃል። የሚያስቀሩት ከሆነ ግን አንዲትም ደቂቃ አይባከን፦ ወዲያው ከጎን ክንፉ ኋላና ከስንጥቡ ላይ ደሙ ይፍሰስ፣ ሆድ ዕቃው ይውጣ፣ ከዚያም የባሕር ውኃና በረዶ በተቀላቀለበት ሣጥን ውስጥ ይግባ። ሳይቀዘቅዝ የቆየ የቱና ሥጋ ሂስታሚን የተባለ ንጥረ ነገር ስለሚፈጥር ፊት ያቀላል፣ ራስ ያሳምማል፣ ያስመልሳል፤ ቢቀቀልም ሆነ ቢጠበስ አይጠፋም። የባሕር ሕመም መድኃኒት የሚወሰደውም ከወደብ ከመውጣትዎ በፊት እንጂ ማቅለሽለሽ ከጀመረ በኋላ አይደለም።

ጥያቄ፦ ብሉፊን ሊጠፋ ነው ሲባል ከርሞ አሁን ደግሞ እንግሊዝ ጠረፍ ተመለሰ ይባላል። የትኛው ነው እውነቱ? እየተጠበቀ ያለን ዓሣ ለጨዋታ ማጥመድስ ተገቢ ነው? (ከለንደን)

መልስ፦ ሁለቱም በየዘመናቸው እውነት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የእንግሊዟ የስካርብራ ከተማ የባለጸጎች የቱና ማጥመጃ ሆና ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1933 ሚቼል ሄንሪ የተባለ አጥማጅ 851 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 386 ኪሎ ግራም የሚመዝን ብሉፊን ይዟል። ዓሣው ወደዚያ ቀዝቃዛ ባሕር የሚመጣው ሄሪንግ የተባለውን ስባም ትንሽ ዓሣ ለመብላት ነበርና፣ ሄሪንጉ በመረብ ሲመናመን እርሱም በ1950ዎቹ ቀረ። ትልቁ ጥፋት የደረሰው ግን ከዚያ በኋላ በሜዲትራኒያን ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለመራባት የተሰበሰበውን መንጋ በግዙፍ መረብ ከብቦ ይዞ፣ በባሕር ላይ በረት አስገብቶ እያደለቡ ለጃፓን መሸጥ ተስፋፋ፤ የሚያዘውም ከተፈቀደው ኮታ በእጅጉ በለጠ።

ኮታውን የሚወስነው ዋና ጽሕፈት ቤቱ በማድሪድ የሚገኘው የአትላንቲክ ቱናዎች ጥበቃ ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት አባላት በዶሃ ባካሄዱት ስብሰባ ሞናኮ የዓሣው ዓለም አቀፍ ንግድ እንዲታገድ ያቀረበችው አሳብ ወድቋል። ጉዳዩ ከእጁ ወጥቶ ሌላ ስብሰባ ላይ መቅረቡ ያስከተለው ውርደት ግን ኮሚሽኑን ሳይቀሰቅሰው አልቀረም፤ በሜዲትራኒያን የሚራባው የምሥራቁ ወገን ኮታ በ2011 ወደ 12,900 ቶን ዝቅ ተደረገ፣ ቁጥጥሩም ጠበቀ። ዓሣው አንሠራራና የምሥራቁ ኮታ በ2023 ወደ 40,570 ቶን ከፍ አለ። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም በ2011 ለመጥፋት ከተቃረቡት መድቦት የነበረውን ዓሣ በ2021 ከአሳሳቢዎቹ ዝርዝር አውጥቶታል። ይህ በተለይ የምሥራቁን ወገን የሚመለከት ነው፤ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚራባው የምዕራቡ ወገን እጅግ አነስተኛ ስለሆነ በ2023 የተፈቀደለት ኮታ 2,726 ቶን ብቻ ነበር፤ በባሕረ ሰላጤው ውስጥም ብሉፊንን ዓላማ አድርጎ ማጥመድ ክልክል ነው።

ስለ ተገቢነቱ፣ በብሪታንያ የመዝናኛ አጥማጅ ብሉፊን ማጥመድ የሚችለው ፈቃድ ባለው ጀልባ፣ ያውም ለመልቀቅ ብቻ ነው። ከ2021 ጀምሮ በዚህ መንገድ የተያዙ ብዙ ዓሦች ምልክት ታስሮላቸው ተለቅቀዋል። አሜሪካም ውስጥ ፍራንክ ማዘር እ.ኤ.አ. በ1954 የጀመረው ምልክት የማሰር ሥራ በስፖርት አጥማጆች ትብብር የተካሄደ ሲሆን፣ ዓሣው ውቅያኖሱን እንደሚሻገር ካረጋገጡት ማስረጃዎች አንዱ ከዚያ የተገኘ ነው። ስለዚህ ደንቡን አክብሮ የሚያጠምደውን ሰው ከመውቀስ በፊት፣ በበረት እየደለበ የሚሸጠውን ብሉፊን በምግብ ቤት የሚያዝዘውን ሰው መጠየቅ ይቀድማል እንላለን።

ጥያቄ፦ ጂዳ ገበያ ላይ «ቱና» ተብሎ የሚሸጠው ብሉፊን ነው? በቀይ ባሕርስ ይገኛል? (ከጂዳ)

መልስ፦ የአትላንቲኩ ብሉፊን በቀይ ባሕር አይኖርም። እዚያ የሚጠመዱት የሎውፊን፣ ስኪፕጃክ፣ ካዋካዋና ረጅም ጅራቱ ሎንግቴይል ቱና ናቸው። እነዚህም ዘመዶቹ በመጠኑ ሙቀት ስለሚይዙ፣ በዚያ ፀሐይ ላይ ያለ በረዶ ተዘርግቶ የዋለውን ዋጋው ቢረክስም አይግዙት።